የራፖር ጸሐፊው ኑዛዜ

ሠላሳ አንድ ዓመት ቃሊቲ ፍርድ ቤት በር፣
ጥላዬን ዘርግቼ በሰው ሙግት ስተዳደር፣
የስንቱን ኑዛዜ በጣቴ መታሁት፤
የራሴ ሲደርስ ግን ፊደሉን አጣሁት።

ዛሬ ማታ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣
መብራት መጣ ሲባል መልሶ ሲደበቅ፣
የጽሕፈት መኪናዬን ከአልጋው ሥር ጎተትኳት፣
አቧራዋን በጋቢዬ ጫፍ ጠርጌ ከፈትኳት።

«እኔ ተናዛዥ፣ በሙሉ አእምሮዬ፣
ማንም ሳያስገድደኝ፣ በገዛ ፈቃዴ…»
እዚህ ላይ ቆመ እጄ።

ሙሉ አእምሮ!
ሙሉ አእምሮ ያለው የወንድሙን ድርሻ
ሊነጥቅ ሲከስ ጽፌያለሁ፣ ያለ መጨረሻ፤
ጎደሎ የሚባለው የእኔ ልጅ ነው፤ ማስረሻ።

ሠላሳ ስምንት ዓመቱ። ጢሙን የምላጨው እኔ ነኝ።
ረቡዕና ቅዳሜ ውሃ ሲመጣ
ከሕንፃው ሁሉ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው፤
ቧንቧው ሲያጉረመርም ደረጃውን ወርዶ፣
ቢጫው የእትዬ ደብሪቱ፣ ሰማያዊው የሹፌሩ፣
ክዳን የሌለው የተማሪዎቹ እያለ
የሰውን ጀሪካን ይደረድራል።
ገንዘብ ግን አያውቅም፤
መቶ ብር ብትሰጠው ሥዕሉን አይቶ ይመልስልሃል።

እናቱ ስትሄድ አደራዋ አንድ ነበር፦
«ከሱ ቀድመህ እንዳትሞት።»
ይህን የሚያጸና ፍርድ ቤት አላውቅም።

ሕጉንማ አውቀዋለሁ። ቤቱን ለእህቱ ብል፣
«ወንድሟን እንድትጦር» የሚል አንቀጽ ባስከትል፣
ሐረገወይን ደግ ናት፤ ባሏም ክፉ አይደለም፤
ግን ደግነት በማኅተም ጸንቶ አይቼ አላውቅም።
በስሙ ባደርገውስ? ከረሜላ አስይዞ
የሰው ጣት ቀለም የሚነክር
ስንቱን አይቻለሁ እዚያው ፍርድ ቤቱ በር።

እሑድ ዕለት በዕድሩ ተነሥቼ ጠየቅኩ፦
«ሃያ ሁለት ዓመት ሳላጓድል ከፈልኩ።
ስሞት ድንኳን አልሻም፣ ንፍሮም አይቀቀል፤
ገንዘቡ በየወሩ ለልጄ ይከፈል።»
ሊቀ መንበሩ ፈገግ አሉ፤ «ጋሽ ተሰማ፣
ዕድር ቀባሪ ነው እንጂ አኗሪ አይደለምኮ!»
ዝም ተባለ። አንዱ ሳለ።
ከኋላ ወንበር እትዬ ደብሪቱ፣ ጡረተኛዋ ነርስ፣
«ደንቡን ያወጣነው እኛ» አለች፤
«ለመሆኑ ጀሪካኑን ያልተሸከመለት
እዚህ ማን አለ?»
የወጣ እጅ የለም። ለሚቀጥለው ወር ተቀጠረ።

ስለዚህ ቤቱን በአንድ መስመር ጨረስኩት፤
ቀሪውን ገጽ እንዲህ እያልኩ ሞላሁት፦

አንቀጽ ሁለት። ነጩ ክኒን ማታ ሦስት ሰዓት፣
እራት ከበላ በኋላ እንጂ በባዶ ሆድ አይሆንም።
አንቀጽ ሦስት። መብራት ሲጠፋ ስሙን ጥሩት፤
ድምፅ እስኪሰማ ከቆመበት አይነቃነቅም።
አንቀጽ አራት። በሩ ሁለት ጊዜ ይቆለፍ፤
አንዴ የተቆለፈ ለእሱ ክፍት ነው።
አንቀጽ አምስት። «አባባ የት ሄደ?» ሲል
«ፍርድ ቤት» በሉት።
ይገባዋል። እዚያ የሄደ ሰው ያመሻል።

ለአራት ምስክሮች ነጥብ ነጥብ ሠራሁ፤
ሻማውን ላስተካክል ዞር ብዬ ስመለስ፣
ማስረሻ የቀለሙን ሣጥን ከፍቶ፣
በአንደኛው ምስክር ቦታ አውራ ጣቱን አትሞ፣
እንዲደርቅ እፍ ይላል፣ ወረቀቱ ላይ አጎንብሶ።

ወራሽ ለኑዛዜ ምስክር አይሆንም፤
ነገ ውልና ማስረጃ ይህን አይቀበለኝም።
ሌላ ወረቀት አስገባሁ።
ይሄኛውን አጥፌ
የደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ከታች ቧንቧው አጉረመረመ።
ዛሬ ሐሙስ ነው፤ የውሃ ቀን አይደለም።
ማስረሻ ግን ተነሥቷል፤
በሩን ሁለት ጊዜ ሲከፍት ይሰማኛል።